ይታያል አረቄ ተወ

ይታያል አረቄ ተወ ሲባል ቢቸና ውስጥ ሁለት ሰው ደነገጠ፤ አረቄ ሻጯ ጥሩአየሁና የወንድሙ ገዳይ ሀብተ ሥላሴ። የጥሩአየሁ ድንጋጤ አያስገርምም። የሀብተ ሥላሴ እንዲገባን ግን ይታያልን ከነአመሉ ማወቅ አለብን።

ይታያል የከብት ነጋዴ ነው። ከሞጣ ገበያ በሬ ገዝቶ ቢቸና ይሸጣል። ሲጠጣ ይጣላል፣ ሲጣላ ደግሞ ይሰብራል። የገዛ አማቹን በወንበር ፈንክቷል፤ አንድ ደላላ ሁለት ጥርሱን ለቅሞ በኪሱ ይዞ እንዲሄድ አድርጓል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታውን ያበዛል እንጂ ነገር አይጀምረውም።

ወንድሙ ወልደ ኪዳን በእርሻ ድንበር ጠብ ነው የሞተው። ሀብተ ሥላሴ በመጥረቢያ ትከሻውን ከፈተው፤ ይታያል ሲደርስ ደሙ ትልሙን ሞልቶ ይወርድ ነበር። ሀብተ ሥላሴ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። ይታያልም መስቀል ተሳልሞ "ይቅር ብያለሁ" አለ። አለ ይሉታል እንጂ እሱ አያስታውሰውም። የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ውሎ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ነበር የመጣው።

ባለፈው ዓመት ሞጣ ገበያ መሀል ራሱን ስቶ ወደቀ። ስኳር ነው አሉት። የቆየ ወዳጁ ጨርቅ ነጋዴው አብዱልዋሂድ በክራንች እያነከሱ ሊጠይቁት መጡ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም።

"እየኝ፣ ይታያል ወንድሜ" አሉት። "እኔም ስኳር ሲይዘኝ ሐኪሙ የነገረኝን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። ይህን እግር የበላው ጫማ የላጠኝ ቁስል ነው።"

ቢላዋም ሽጉጥም ፊት ቆሞ የሚስቅ ሰው ያን ዕለት ፈራ። እግር የሌለው የከብት ነጋዴ ምን ይሆናል?

ቢቸና ሲመለስ ነርሷ እፀገነት ፍርዱን አነበበችለት። "አረቄ የለም፣ ጮማም የለም። እንጀራውን ይቀንሱ፣ ጎመኑንና ባቄላውን ያብዙ። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል በእግርዎ ይሂዱ። እግርዎን ግን ከእሾህ እንኳ ይጠብቁት፤ የስኳር ሰው ቁስል ቶሎ አይደርቅም።"

ሚስቱ ውበቴ የመጀመሪያውን ጎመን ስታቀርብለት ሳህኑን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። "ባል ነው ወይስ በሬ ያገባሽው?" ብሎ ጮኸ። ውበቴ ሌላ ሳህን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

"ይህንንም ፈጥፍጠው፤ ሦስተኛው ምድጃ ላይ አለ። እግርህ ግን ያለህ ሁለት ነው።"

እያጉረመረመ በላው። ከወራት በኋላ ቦርጩ ገባ፣ ዓይኑ ጠራ፣ ስኳሩም ወረደ። ችግሩ፣ አረቄው ሲወጣ ወልደ ኪዳን ገባ። ሰክሮ የረሳውን ሁሉ ሳይሰክር ያየው ጀመር፤ የተከፈተውን ትከሻ፣ በደም የተሞላውን ትልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ማለዳ ማለዳ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲወጣ እግሩ በሀብተ ሥላሴ ደጅ ነበር የሚወስደው። እዚያ ሲደርስም ይቆማል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ነው ይላል።

አሁን ደግሞ በሀብተ ሥላሴ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ደመኛችሁ መጠጥ ተወ፣ ድግስ ላይ ሥጋ አይነካም፣ ከሳ፣ ጎህ ሲቀድ ዱላ ይዞ ደጃችሁ ላይ ይቆማል። በእኛ አገር ይህ ደም ሊመልስ የማለ ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

አንድ ማለዳ ሀብተ ሥላሴ ከአጥሩ ጀርባ መጥረቢያ ይዞ ዘሎ ወጣ። ይታያል በዱላው መከተ። ስለቱ ዱላውን ሰንጥቆ ተንሸራተተና ግራ እግሩ ላይ አረፈ፤ ጫማውን ቀዶ ገባ። ይታያል በስባሪው ዱላ ክንዱን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። በቡጢ አፉን ደገመው። ወድቆ ሳይነሳ ደረቱን በጉልበቱ ተጫነና መጥረቢያውን ነጥቆ አነሳ።

"ምን አድርጌህ ነው?"

"ሳትቀድመኝ ልቅደምህ ብዬ ነዋ! አረቄ የተውከው ለእኔ አይደል?"

"ስኳር ይዞኝ ነው፣ አንተ ደደብ! ሂድ ያለኝ ሐኪም ነው!"

ሀብተ ሥላሴ በአፉ የሞላውን ደም ተፋ። "ሐኪሙ በእኔ ደጅ ሂድ አለህ?"

ቢቸና መንገድ ሞልቷል። ሌላውን ትቶ ይህን የመረጠው ማንም አልነበረም፣ ይታያል ራሱ ነው። እዚህ ደጅ ሲቆም ምን ሲያይ እንደኖረም ያውቃል፤ ሀብተ ሥላሴን ልክ እንዳሁኑ ከጉልበቱ ሥር ሆኖ ነው።

ቁልቁል ሲያይ ጫማው በደም ሞልቷል። የአብዱልዋሂድ ክራንች ፊቱ ድቅን አለ። ያ ሁሉ ጎመን፣ ያ ሁሉ ማለዳ ለዚህ ነበር? በንዴት መጥረቢያውን ከፍ አደረገ። ሀብተ ሥላሴ ዓይኑን ጨፈነ።

ይታያል መጥረቢያውን ከአጥሩ ማዶ ወረወረው።

"ያኔ ስንታረቅ ሰክሬ ነበር፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ዛሬ ግን ጠብታ አልቀመስኩም። ይቅር ብዬሃለሁ። ሰማኸኝ? ሳልጠጣ ነው የምልህ!"

ሀብተ ሥላሴ ባልተሰበረው ክንዱ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የይታያል ቁስል ለመድረቅ ወራት ፈጀ፤ ሁለት የእግር ጣቱም ተቆረጠ። እፀገነት አረቄውን ባይተው ኖሮ እግሩ በሙሉ ይሄድ ነበር አለችው። ዛሬም ይታያል እያነከሰ ማለዳ ይወጣል። የሚሄደው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ዱላም አይይዝም።