ለየሺ ያልነገርኳት የሐኪም ቃል

መጀመሪያ ያመመኝ የግራ ባቴ ነው። ከጄኔቭ በባቡር ሄጄ፣ ረገንስዶርፍ ከምትኖረው ታናሽ እህቴ ከየሺ ጋር በሊማት ወንዝ ዳር እየተጓዝን ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄድበታል። ቢቨር የሚሉት እንስሳ የጋጠውን ግንድ አየን። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የፈረንሳይ ጦር ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ የሚናገር ሰሌዳም አነበብን። ጥንታዊው የሴት መነኮሳት ገዳም ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እግሬ ከበደኝ። «እርጅና ነው» አልኩና ገዳሙን ሳናይ ተመለስን።

እርጅና አልነበረም። ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ካለው ቤቴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ባቴ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ደም እግሬ ውስጥ ረግቶ ቁራጩ ሳንባዬ ደርሷል፤ ትሮምቦሲስ ይሉታል። ደም ማቅጠኛ ያዘዘችልኝ ሐኪም እንዲህ አለችኝ፦ «አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አልከለክልዎትም። ግን የለመዱት አንድ ጭልፋ ከሆነ አንድ ጭልፋ ይሁን፤ መጠኑን በድንገት አይለውጡ። አመጋገብዎ የሚለወጥ ከሆነ ቀድመው ይንገሩኝ።»

«እሺ» አልኩ። ስለ ጾም ግን አልነገርኳትም። ከምርጫ 97 በኋላ ቤቴንም ሥራዬንም ትቼ ስወጣ ይዤ የመጣሁት ጾሜን ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለሐኪም ፈቃድ አላቀርብም ብዬ ገገምኩ። የንስሐ አባቴን ብጠይቅ «በሽተኛ አይገደድም» ይሉኝ ነበር። ይህን ስለማውቅ እሳቸውንም አልጠየቅኩም።

ሁዳዴ ሲገባ፣ ጡረተኛ ነኝና፣ የሺ ቤት ከረምኩ። እሷ ዋሊሰለን የገበያ ማዕከል ውስጥ ሻጭ ናት። ከሥራ ስትመለስ፣ «ጋሼ ጎመን ይወዳል» እያለች በየቀኑ ጎመን ትሠራልኛለች። የደሜን የመርጋት ልኬት፣ ኢኤንአር የሚሉትን፣ የምመረመርበት ቀጠሮ ጄኔቭ ነበር። ዘለልኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የጠቀለልኩት እንጀራ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ሞከርኩ። ቀኝ እጄ እምቢ አለ። የሺን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም።

ስትሮክ ነው፤ የረጋ ደም አንጎሌ ውስጥ ገብቷል። ሆስፒታል ሐኪሙ ምን እበላ እንደነበር የሺን ጠየቃት፤ ነገረችው። በጀርመንኛ የመለሰላትን ልትተረጉምልኝ ዞረች። «ጎመን ቫይታሚን ኬ ይበዛበታል፤ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል፤ ማንም አልነገራችሁም ወይ ይላል» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «በገዛ እጄ ነው ጋሼ! እኔ ነኝ የሠራሁልህ!»

አየኋት። እውነቱን አውቅ ነበር። መናገር አልቻልኩም። በዚያች ሰዓት፣ ያሳፍራል፣ መናገር ባለመቻሌ አምላኬን አመሰገንኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ የሺ ቤት ቀረሁ። የንግግር ችግሩን አፌዚያ ይሉታል። ሎጎፔዲስት የሚሏት የንግግር አስተማሪ ሥዕል እያሳየች እንደ ሕፃን ስታስጠራኝ መጀመሪያ «ውሃ» ተመለሰልኝ፣ ቀጥሎ «የሺ»፣ በጋው ሲያልቅ ደግሞ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች። እኔ ግን ዝም አልኩ። የሺ ከዚያ ወዲህ ጎመን ቤቷ አላስገባችም፤ ከሱቅ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለች ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች፤ ከሳች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅሁት የሐኪሟን ቃል ነው፤ የታመመችው ግን እሷ ሆነች።

በኅዳር ዱላ ይዤ እዚያው ወንዝ ዳር ወጣን። ቅጠሉ ረግፎ ውሃው ጠቁሯል። ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

«የሺ… ሐኪሟ… ነግራኝ ነበር።»

«ስለ ጎመኑ?»

«ስለ ጎመኑ።»

«ከጾሙ በፊት?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስምንት ወር ሙሉ ጋሼ! ስምንት ወር ራሴን ስረግም እያየኸኝ!» ብላ ጥላኝ ሄደች። እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ገዳሙ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያኔ ሳላየው የተመለስኩትን ገዳም ቀና ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ወገኖቼ፣ ስለ ጾማችሁ ለሐኪማችሁ ሳትፈሩ ንገሩ፤ ቀጠሮ አትዝለሉ። የሚያበስልላችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚለውን በጆሮው ይስማ።

ቃል በቃል ያስተማረችኝን ሎጎፔዲስት አመሰግናለሁ። የሺን ለማመስገን ግን ቃሌ ገና አልደረሰም። ይቅር እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ባለፈው እሑድ ግን ጎመን ገዝታ ገባች። ሠርታ ስትጨርስ ጭልፋውን ሳህኔ ላይ ይዛ ቆመችና፣ «ሐኪምህ ስንት ነው ያለችህ?» አለችኝ።

ነገርኳት።