መከታ ከኩሬ የጠጣው ውሃ

አብዱልሃኪም ወረታ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ዳር ሩዝ ሲነግድ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ራሂማ «ከእሱ ይልቅ ሚዛኑ ያወራል» እያለች ትቀልድበታለች።

መጋዘኑን የሚጠብቀው መከታ የሚባል ቡላ ውሻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ አብዱልሃኪም አንድ ቀን እንኳ በእጁ ነክቶት አያውቅም። የውሻ ምራቅ ለሶላት አይሆንም ብሎ ስለሚጠነቀቅ ምግቡን በጣሳ ገፋ አድርጎለት ይመለሳል። ሆኖም ፀሐይ ሲበረታ ጆንያ ወጥሮ ጥላ ይሠራለታል፤ በየዓመቱም በገመድ እየሳበ ወስዶ ያስከትበዋል።

መስከረም ጠብቶ፣ ክረምቱን ሜዳውን የዋጠው ጎርፍ ሲሸሽ፣ ከከተማው ጀርባ ኩሬዎቹ ብቻ ውሃ ቋጥረው ቀሩ። አደዩ ፈካ። አብዱልሃኪም ጠዋት ጠዋት መከታን ይፈታዋል፤ እሱም ሜዳው ላይ ሲፈነጭ አርፍዶ፣ ጥማቱን ከኩሬ ቆርጦ ይመለሳል።

ከመስቀል በኋላ መከታ መብላት ተወ። ያስነጥሰዋል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ከአፍንጫው ደም የቀላቀለ ንፍጥ ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ባጃጅ ጠጋኙ ማረው አየውና ፊቱ ተለዋወጠ። ውሻው አብዷል፣ ሰው ሳይነክስ ይገደል አለ። ክፋት ይዞት አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙ የሞተው ያበደ ውሻ ነክሶት ነው። አብዱልሃኪምም ይህን ስለሚያውቅ አልተቆጣውም፤ ውሻው በየዓመቱ መከተቡን ብቻ ነገረው። መከታን በሰንሰለት ጓሮ አስሮ በሩን ዘጋና ለከብት ሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ ለሥራ ወደ ይፋግ ከተማ ወጥቶ ስለነበር በማግስቱ እንደሚመጣ ነገረው። ማረው እስከዚያ ለመጠበቅ እያቅማማ ተስማማ።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና ጸሐይነሽ ሩዟን ጭና መጣች። ሜዳው መሃል የምታርስ፣ የአብዱልሃኪም የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናት። የሆነውን ስትሰማ በጓሮው በር ስንጥቅ አጮልቃ ውሻውን ስታየው ቆየች። መከታ ባዶውን የውሃ ሳህን ይልሳል።

«ጋሼ፣ ያበደ ውሻ ውሃ ይሸሻል እንጂ እንዲህ አይለምንም» አለችው። «ይህ አልቅት ነው የሚመስለኝ። በዚህ ወራት ጥጆቻችንንም እንዲሁ ያደርጋቸዋል።»

አልቅት በረጋ ውሃ ውስጥ እየኖረ፣ እንስሳው ሲጠጣ በአፍንጫው ገብቶ ደም የሚመጥ ነው። እንዴት እንደሚወጣም ነገረችው። ውሻው እስከ ከሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ይቆያል፤ ከዚያ አፉ በጨርቅ ይታሰርና አፍንጫው ሥር ንጹሕ ውሃ ይቀርብለታል፤ አልቅቱ ውሃውን ፈልጎ ራሱ ብቅ ይላል። የውሻውን ራስ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ግን ያስፈልጋል። መከታ ደግሞ ከጌታው በቀር ማንንም አያስጠጋም።

አብዱልሃኪም እጆቹን ተመለከተ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

ከሰዓት ላይ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። የመከታን አፍ አሰረና ዘጠኝ ዓመት ያልነካውን ራስ በሁለት እጁ ያዘ። ጆሮዎቹ ከገመተው በላይ ለስላሳ ነበሩ። መከታ መጀመሪያ ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ግን ክብደቱን ሁሉ የጌታው ጉልበት ላይ ጣለው። ጸሐይነሽ ሳህኑን አስጠጋች። ብዙ ቆዩ። ከግራው ቀዳዳ ጥቁር ነገር ብቅ አለና ተመልሶ ገባ። እንደገና ብቅ ብሎ ረዘም ሲል አመድ በነካ ጨርቅ ያዝ አድርጋ ቀስ እያለች ሳበችው። የትንሽ ጣት ያህል ነበር። ማረው ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይዞ መጣ። መከታ አፉ ሲፈታለት ሳህኑን ሁለት ጊዜ አስሞልቶ ጠጣ።

አብዱልሃኪም እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት እጁን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ታጥቦ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ደረሰ።

በማግስቱ ሐኪሙ መጥቶ ውሻውን መረመረው። የእብደት ምልክት እንደሌለበት ለማረውም ነገረው፤ ውሃው ከሜዳው እስኪደርቅ ድረስ ግን ልቅ እንዳይለቀቅ አሳሰበ። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ ጠዋት ጠዋት አብዱልሃኪም መከታን ቤት አጠጥቶት፣ በረጅም ገመድ ይዞት በደረቁ ዳገት ሲመላለስ ይታያል። ጸሐይነሽ ደግሞ ለገበያ በመጣች ቁጥር ሩዟ ሳይመዘን ጓሮ ዘልቃ የውሻውን አፍንጫ ታያለች።

ማረው በዚያው ዓመት ኅዳር ለግቢው ቡችላ አመጣ። ገና በአንገቱ ገመድ ሳያስገባለት ወደ አብዱልሃኪም መጥቶ፣ ክትባቱ በስንት ወሩ እንደሚጀመር ጠየቀው።