ባቡር ሲመጣ የምንቀረቅረው በር

አባቴ የሐዲድ ጠባቂ ስለነበረ ቤታችን ከአዳማ ጣቢያ ወጣ ብሎ ነበር፤ ከደጃችን እስከ ሐዲዱ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እናቴ አንዲት ትንሽ ልጅ በጉዲፈቻ ያመጣችው በአንድ በጋ ነው። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከባቡሩ የወጣ ፍንጣሪ ደረቁን ሣር አያይዞ ጎጇቸውን እንደበላውና እናቷ እዚያው እንደቀረች ሰምተናል። ከዚያ በላይ አልጠየቅንም፤ መጠየቅ ቁስል መነካካት መስሎን ነበር።

ባቡሩ ከሩቅ ሲጮህ ልጅቷ ብድግ ብላ ወደ ውጭ ትሮጣለች። መጀመሪያ ቀን አባቴ የያዛት ሐዲዱ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ ድምፁን እንደሰማች በሩን ትቀረቅራለች፣ እኔም በጀርባዬ ደግፌው እቆማለሁ። ልጅቷ እንጨቱን በጥፍሯ ትቧጭራለች፣ እጄን ትነክሳለች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። እየቆየ ባሰባት። ጎረቤቶች ዛር ነው አሉ። የሰፈር ልጆች «ባቡርሽ መጣልሽ» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ባቡር የሚመጣበት ቀን ሲደርስ እኔም እህል አልበላ ይለኝ ጀመር።

አንድ ቀን የልጅቷ አጎት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ሊጠይቋት መጡ። በሩን ስንቀረቅር አይተው ፊታቸው ተለወጠ። ባቡሩ ካለፈ በኋላ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያደባለቁ ለእናቴ ነገሯት። ጎጆው በተቃጠለ ቀን የልጅቷ እናት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ልጇ እንዳትወጣ በሩን ከውጭ አስራው ነበር። እሳቱን አይታ ሮጣ ተመለሰች፣ ከፈተች፣ ልጇን ከጭሱ ውስጥ ፈልጋ ወደ ውጭ ስትወረውራት ጣራው በላይዋ ወረደ።

«በሩን ክፍት ተዉላት፣ ልጄ» አሉ። «እሷን የሚያስጮሃት የበሩ መዘጋት ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ «ሐዲዱ ላይ ብትገባብኝስ፣ አባባ? ማን ያወጣልኛል?» አለቻቸው።

ቢሆንም በሚቀጥለው ባቡር በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው። እናቴ ውጭ፣ በደጁና በሐዲዱ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች። ባቡሩ ጮኸ። ልጅቷ ሮጣ ወጣች፣ እናቴን አልፋ ሄደች፤ እናቴ ልትይዛት የዘረጋችውን እጅ መልሳ ከጭኗ ሥር ከተተችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ልጅቷ ሐዲዱ ጋ ሳትደርስ ቆማ ወደ ኋላ ዞራ ክፍቱን በር ታያለች። መሬቱ እየተናወጠ ባቡሩ እስኪያልፍ እዚያው ቆየች፤ ከዚያ መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች።

ሌላው ባቡር የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ሦስቱንም ቀን ፈራን፤ በሩን ግን አልዘጋነውም።