ከአማቴ ጋር ዓሣ ያጠመድንበት በጋ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሲያትል የመጡት በሰኔ፣ እዚህ በጋው ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት በፎቶግራፍ ካልሆነ አይቻቸው አላውቅም። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነውም የተጋባነውም እዚሁ አሜሪካ ስለሆነ እሳቸውም እኔን የሚያውቁኝ በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። ናዝሬት ነው የሚኖሩት፤ ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል አፓርትመንት ነበረን። ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። እኔ ዳቦ ፋብሪካ ሌሊት ገብቼ ረፋድ ላይ እወጣለሁ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቤት የምንቀረው እኔና አማቴ ነን። ከሥራ ስገባ «ደህና አደሩ አባባ?» እላቸዋለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ የሚወራ ነገር አልነበረንም። እሳቸው የማይገባቸውን ቴሌቪዥን ያያሉ፣ እኔ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ያንጎላጀኛል።

አንድ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጃፋቸው ላይ የሚሸጡበት የጋራዥ ሴል ነበርና አብረን ወጣን። ከአሮጌ መጋረጃና ከምጣድ መሀል የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አነሡና ጫፉን ነቅነቅ አድርገው አዩት። «ይሄ ለዓሣ ነው?» አሉኝ። ከመጡ ጀምሮ ስለ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለት ዘንግ ገዛሁ። የማጥመጃ ፈቃድም ለሁለታችን አወጣሁ። ሁለታችንም ዕድሜያችንን ሙሉ ዓሣ አጥምደን አናውቅም።

ዌስት ሲያትል ውስጥ አንድ ጠጠራማ የባሕር ዳርቻ ነበር፤ መኪናዬን መንገዱ ዳር ፓርክ አደርግና እንወርዳለን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራችን አንድ ብቻ ነበር፦ ባለ በሌለ ኃይላችን ወደ ሩቅ መወርወር። ትልቅ ዓሣ ያለው ሩቅ ነው ብዬ አምን ነበር። መንጠቆው ትልቅ፣ ለማባበያ የምንሰካበት ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳም ትልቅ። ክሩን ስንጎትት መንጠቆው ባዶውን ይመጣል፤ አንዳንዴ ትንሽ ሸርጣን ተንጠልጥሎበት ይወጣል።

«ሸርጣን እየቀለብን ነው» አሉ አማቴ አንድ ቀን፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ።

ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው አንዲት አሮጊት ፊሊፒናዊት ያጠምዱ ነበር። ሴትዮዋ ሲወረውሩ ክሩ ከእግራቸው ብዙም አይርቅም። ባልዲያቸው ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። አማቴ ለብዙ ቀን ሲመለከቷቸው ቆዩና አንድ ቀን ባዶ ባልዲያችንን አንሥተው ወደ ሴትዮዋ ሄዱ፤ ከፊታቸው ገልብጠው አሳዩአቸው። አማቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ያ ግን በቂ ነበር። ሴትዮዋ ሳቁና ተከትለዋቸው መጡ። መንጠቋችንን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጥርሳቸው ክሩን በጥሰው ትንሽ መንጠቆ አሰሩልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ነገ ጠዋት ውሃው ሲጎድል ኑ። ዘንግ አታምጡ። ዝም ብላችሁ እዩ» አሉ።

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። «ልክ ናቸው» አሉ። «የት እንደምንወረውር እኮ አይተነው አናውቅም።»

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣሁ ቤት ደርሼ ይዣቸው ሄድኩ። ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ሸሽቶ እኛ ስንወረውርበት የከረምነው ቦታ ሊገለጥ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ልሙጥ አሸዋ ነው፣ ምንም የለበትም። ከዳርቻው አጠገብ ግን ዛጎል የለበሱ ድንጋዮችና የባሕር ሣር አሉ፤ በመሀላቸው እንደ ቦይ የተቦረቦረ ቦታ ያልፋል። ውሃው ሲመለስ በዚያ ቦይ ነው መጀመሪያ የሚሞላው። ዓሣውም ምግቡን ፍለጋ በዚያው ይገባል ማለት ነው። አማቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ቆዩ። ከዚያ ቦዩ ከሚጀምርበት ትይዩ፣ ወደ ላይ ያለ አንድ የወደቀ ግንድ ምልክት እንዲሆነን አሳዩኝ። «ከዚህ ፊት ለፊት እንቆማለን» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንሄደው ውሃው መሙላት ሲጀምር ሆነ። ሽሪምፑን በትንሽ በትንሹ ቆርጠን እንሰካለን፤ አጠር አድርገን እንወረውራለን፤ ክሩን ወጠር አድርገን በጣታችን እናዳምጣለን። ካልነካልን ጥቂት ጠብቀን ወደ ጎን ፈቀቅ እንላለን። መጀመሪያ የያዙት እሳቸው ናቸው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ በኩል ያሉ ጠፍጣፋ ዓሣ ወጣ። ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ምን ሆኖ ነው? ተረግጦ ነው እንዴ?»

«አፈጣጠሩ ነው አባባ።»

«ይበላል?»

«ይበላል ይላሉ።»

ማታ ባለቤቴ ጠበሰችው። አባቷ እየሳቁ የዓይኑን ነገር ሲነግሯት እሷ ገርሟት ወደ እኔ ትመለከት ነበር።

በደንብ መያዝ በጀመርን ጊዜ ፍልሰታ ገባ። አማቴ በጾም ዓሣ አይበሉም። «እንግዲያስ እስኪፈታ እንተወው?» አልኳቸው። «የተከለከለው መብላት ነው እንጂ መያዝ ምን አለበት» አሉኝ። የያዝነውን ለሴትዮዋና ለጎረቤቶቻችን እንሰጥ ጀመር።

በዚያ ጾም መሀል አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ከውሃው ላይ ሳያነሡ፣ «እኔ እዚህ አልቀመጥም» አሉ።

ባለቤቴ እንዲቀሩ የመኖሪያ ፈቃድ ልታስጨርስላቸው እየሮጠች ነበር። «ምን ጎደለብዎ?» አልኳቸው።

«ምንም አልጎደለብኝም። ወንድሜ ግን ዓይኑ አያይም። አንድ ግቢ ነው ያለነው። ሰው ቀጥሬለት ነው የመጣሁት፤ የተቀጠረ ሰው ደግሞ ባዳ ነው። ለልጄ አንተ ንገርልኝ።»

«እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም?»

«ታለቅሳለች።»

«እኔም ብነግራት ታለቅሳለች።»

«አንተ ስትነግራት እኔ አላይም» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። «ለአንተ? ለአንተ ነገረህ?» አለች ደጋግማ። መሄዳቸው ይሁን ለእኔ መናገራቸው የበለጠ ያናደዳት፣ ያኔም አልገባኝም። በማግስቱ ሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ ፈቃድ ጠየቀችና ከእኛ ጋር መጣች። በሥራ ጫማዋ ጠጠሩ ላይ እየተንገዳገደች አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። እኔ ዘንጌን ይዤ ራቅ አልኩ። ነፋስ ስለነበር የሚባባሉትን አልሰማም፤ እጇ ሲወራጭ፣ እሳቸው ደግሞ አቀርቅረው ሲያዳምጡ ብቻ ነው የማየው። ብዙ ቆዩ።

ድንገት ጮኸች። «አባዬ! ዘንጉ! ዘንጉ!»

በድንጋይ አስደግፈው የተዉት ዘንግ ወደ ባሕሩ እየተጎተተ ነበር። ሁለቱም ዘለሉበት። ስደርስ እሳቸው ዘንጉን ይዘው እሷ ደግሞ ወገባቸውን ይዛ ወደ ኋላ ትስባለች። ከብዙ ትግል በኋላ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ግራጫ ሻርክ ጥልቀት ከሌለው ውሃ ላይ ሲንፈራገጥ ታየ። ባለቤቴ ለቀቀቻቸውና ወደ ዳር ሮጠች። ክሩን ቆረጥኩትና ሄደ። አማቴ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሽ አጠራቸው። እሷ ተመልሳ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጫማዋ ውሃ ሞልቶ ነበር።

«እስከ መስቀል ትቆያለህ» አለቻቸው።

«እሺ» አሉ።

መስቀልን አብረውን ዋሉ፤ በሳምንቱ ሸኘናቸው። ከወንድማቸው ጋር በሰላም እንደተገናኙ ደውለው ነገሩን። የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አልተነሣም። በቀጣዩ በጋ ባለቤቴ የራሷን የማጥመጃ ፈቃድ አወጣች። ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት ስላላት ብዙ ጊዜ የምትይዘው እሷ ነበረች።