የጋሽ ዘካሪያ ብርማ ላስቲክ

ጋሽ ዘካሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሲሸምኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኩዮቻቸው መስጊድ በር ላይ ጥላ እየተከተሉ ሲቀመጡ፣ እሳቸው ቦርከና ወንዝ ዳር ግማሽ ጥማድ መሬት ተከራዩና "ሐብሐብ አምራች ነኝ" አሉ። አምራች! እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሐብሐብ አምርተው አያውቁም። ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት አላመረቱም።

የመጀመሪያውን ዓመት አረም ዋጠው። ሁለተኛውን ክሽክሽ የሚሏት፣ ቅጠል ሥር ተሰብስባ የምትመጥ ደቃቅ ተባይ ጨረሰችው። ከሁለተኛው ዓመት እርግጥ አንድ ፍሬ ተርፎ ነበር፤ ከብርቱካን ትንሽ ከፍ ይላል። ጋሽ ዘካሪያ እሱን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ በሚኒባስ ደሴ ድረስ ወጥተው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ራሂማ አስረከቡ።

ወይዘሮ ራሂማ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ፍሬውን አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሐብሐብ።"

"እናቱ የት አለች?"

ከዚያ በኋላ ነው ቁርጡ የመጣው። "ስማኝ ዘካሪያ፣ አንድ ዓመት ጨመርኩልህ። ለአረፋ በሰሃን ላይ ቀይ ሐብሐብ ካላየሁ መሬቱን ትመልስና ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለህ። ሳሙናና ክብሪት ትሸጣለህ። እነሱ እንኳን አይደርቁብህም።"

ሱቁን ሲያስቡ ለጋሽ ዘካሪያ የሚታያቸው ይሄ ነው፦ የደሴ ብርድ፣ ጋቢ፣ ባንኮኒ፣ "ጋሼ፣ ስኳር አለ?" የሚል ድምፅ። ዕድሜ ልካቸውን ከጣራ በታች ሠርተው፣ ፀሐይን ያገኟት ገና አሁን ነው። ጠዋት ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወርደው እዚያች ማሳ ላይ ካልቆሙ፣ የቀኑ መንጋት ለሳቸው አይቆጠርም።

እናም የግብርና ባለሙያዋን አቢጌልን ምክር ጠየቁ። አቢጌል ወጣት ናት፤ ቆፍጣና ናት፤ ሽማግሌ አትፈራም። አንድ ጥቅል ላስቲክ እንዲገዙ ነገረቻቸው። አንዱ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ፣ ጀርባው ጥቁር።

"ጋሽ ዘካሪያ፣ መደቡን በዚህ ይሸፍኑታል። ችግኙን በቀዳዳ በቀዳዳው ይተክላሉ። ብርማው ወደ ላይ ነው፤ ሲያንጸባርቅባት ክሽክሿ ትደናገራለች፣ አታርፍም። ጥቁሩ ከሥር አረሙን ያፍነዋል። እርጥበቱም አያመልጥዎትም።"

በየካቲት መጨረሻ ልክ እንደተባለው አነጠፉት። የማሳ ጎረቤታቸው ዳምጤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጣ።

"ዘካሪያ፣ መሬቱን የዝናብ ልብስ አለበስከው እንዴ?"

"አንተ ምን ታውቃለህ!"

"ውሃውስ በየት ይግባ?"

"በቀዳዳው በጣሳ አጠጣዋለሁ።"

"እንደ ሕፃን? አንቀልባም አምጣለት እንጂ!"

ይሄ ምንም አልነበረም። ጣጣው የመጣው በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐረጎን ሲወርዱ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወደ ታች ጠቆመ። "ያ የሚያበራው ምንድን ነው? ሐይቅ ነው እንዴ?" ሚኒባሱ ሙሉ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። "እርሻ ነው አሉ።" "የማን ይሆን? መቼም ጌታ ሰው መሆን አለበት!"

ጋሽ ዘካሪያ ከኋላ ወንበር ላይ ብድግ ብለው፣ ራሳቸውን ከጣራው ጋር አጋጭተው፣ "ማሻአላህ በሉ እንጂ እናንተ ሰዎች!" ብለው ጮኹ። ግማሹ ማሻአላህ አለ፤ ግማሹ ሳቀ። ሰው ሁሉ ወርዶ ወደ ጉዳዩ ሲሄድ፣ እሳቸው ያላሉትን ቆጠሩ። ሰባት ነበሩ። ከሰባቱ አንዱ ባለ ኮፍያው ነው።

ሰባት ክፉ ዓይን የሐብሐብ ማሳ ላይ! ክሽክሽ ከዚህ አይሻልም?

ችግኙ ገና አልተተከለም ነበርና ያኑ ቀን ላስቲኩን መደብ በመደብ ገለበጡት። ብርማው ወደ ታች፣ ጥቁሩ ወደ ላይ። አሁን ከሐረጎ ላይ ያየ ሰው የታረሰ መሬት ነው የሚመስለው። ለወይዘሮ ራሂማ ማታ እራት ላይ ሲያስረዱ፣ "እኔ የጨርቅ ሰው አይደለሁ? ጨርቅ ፊቱ ወደ ውስጥ ተደርጎ ነው የሚጠቀለለው። ፊቱ የሚወጣው ለገዢ ነው" አሉ። ይህን ለአቢጌል አልነገሯትም። ምነው ቢነግሯት!

ችግኙን ተከሉ። ረመዳን ነበር። እሳቸው ከንፈራቸው እስኪደርቅ ጾመው፣ በየቀዳዳው ለሐብሐቡ ውሃ ያጠጣሉ። ሐብሐቡ ግን እየጠጣም ጠወለገ። በመጋቢት ፀሐይ ላስቲኩን የነካ ቅጠል ሁሉ ጠርዙ ተቃጠለ፤ ከስልሳው ችግኝ ሃያ ሦስቱ በአሥር ቀን ውስጥ ደረቁ።

"ደረሱብኝ!" አሉ ጋሽ ዘካሪያ። "ባለ ኮፍያው ነው። ወላሂ እሱ ነው።"

አቢጌል መጥታ ጎንበስ አለች፤ ላስቲኩን በመዳፏ ነካችና እሳት እንደነካች ሁሉ እጇን መለሰች።

"ጋሼ! ይሄ እኮ ምድጃ ሆኗል። ጥቁር ሙቀት እንደሚስብ ያጡታል? ማነው የገለበጠው?"

ጋሽ ዘካሪያ ወንዙን አዩ። የሚታይ ነገር ባይኖርም አዩ።

"ዓይን ነው የገለበጠው" አለ ዳምጤ ከአጥሩ ማዶ።

"መልሰን እናዙረው ልጄ?"

"አሁን ሥሩ ይነቀላል። ኖራ በጥብጠን ላስቲኩን ነጭ እንቀባዋለን። ቅጠሉን ብቻ እንዳይነኩብኝ!"

ዳምጤ ግድግዳ ቀብቶ የተረፈው ኖራ ነበረው። ሳይጠራ ባልዲውን ተሸክሞ መጣ። ስልሳ ያለፋቸው ሁለት ሰዎች በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በቀለም ብሩሽ፣ በየቅጠሉ ዙሪያ እየተጠነቀቁ ሁለት ቀን ቀቡ።

"እኔ እንኳ ክርስቲያን ነኝ" አለ ዳምጤ ኖራው አፍንጫው ላይ ደርቆ፣ "ማሻአላህ ብልልህ ይያዝልሃል?"

"አንተ በል ብቻ። አላህ ያጣራዋል።"

"ማሻአላህ!"

"ጮክ አድርገህ!"

ኖራው ሠራ፤ ሠላሳ ሰባቱ ችግኞች ነፍስ ዘሩ፣ ሐረጉ ተዘረጋ፣ አበባ ያዘ። ግን ማሳው አሁን ከሐረጎ ላይ ሲታይ ለአንድ ሰፈር ሠርግ የታጠበ አንሶላ የተሰጣ ይመስላል። ከብርማውም የባሰ! ጋሽ ዘካሪያ ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ ማሳው በማይታይበት ጎን ይቀመጣሉ፤ ኩርባው ሲደርስ ቆባቸውን ወደ ቅንድባቸው ይስባሉ። ራሳቸው ካላዩት ሌላ ሰው የማያየው ይመስል።

የአረፋ ዋዜማ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ወይዘሮ ራሂማ ራሳቸው ወረዱ። የሱቁን ቁልፍ ይዘው ነበር። ለማስረከብ።

ማሳው መሀል ቆመው ከፊት ያለውን ትልቁን ሐብሐብ አለፉት፤ "ይሄንን አዘጋጅተኸዋል" አሉ። ከቅጠል ሥር አንዱን መርጠው በጣታቸው አንኳኩ፤ እንደ ከበሮ መለሰ። አቢጌል ቢላ አቀበለች። ዳምጤ ጎንበስ ብሎ ቀረበ። ጋሽ ዘካሪያ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ቢላው ገና ጫፉ ሲገባ ሐብሐቡ ራሱ ተሰነጠቀ። ቀይ! ደም የመሰለ ቀይ!

ወይዘሮ ራሂማ አንድ ቁራጭ በሉ። ሁለተኛ በሉ። ዘሩን ቱፍ እያሉ፣ ጭማቂው በክርናቸው እየወረደ፣ ሦስተኛውን አነሱ።

"ለመጪው ዓመት" አለች አቢጌል ፈራ ተባ እያለች፣ "ብርማው ወደ ላይ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰው ቢያየውስ ልጄ?"

"ይየው!" አሉ ወይዘሮ ራሂማ አፋቸው ሞልቶ። "ፊቱ የሚወጣው ለገዢ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ሳያይ ማን ይገዛሃል?" ቁልፉን የሻሻቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩት። "ሱቁን እኔው እከፍታለሁ። አንተ ሐብሐቡን አውጣልኝ።"

ሲመለሱ ወይዘሮ ራሂማ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ቀድመው ያዙ፤ በማሳው በኩል ያለውን። ኩርባው ላይ ሲደርሱ የማያውቁትን ሰው ትከሻ ነካ አደረጉ።

"ያ ታች ነጭ የሚታየው፣ አዩት? የኛ ነው።"

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጋሽ ዘካሪያ ቆባቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና፣ ከቆቡ ሥር፣ "ማሻአላህ በሉ፣ ማሻአላህ በሉ" እያሉ ይለማመጡ ጀመር።