ጋሼ «ይለወጣል» ሲሉ

በፈረንጆቹ 2024 ነው፤ እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምላቸው፣ በዚያው ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት ነው ያረፉት። ሌላውን ሕይወታቸውን የተማረ ሰው ይጻፈው፤ እኔ አንድ ቃላቸውን ነው የማነሳው።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሮዝቪል ባለው አፓርታማቸው ቁጭ ብለን የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን እናይ ነበር። ውድድሩ እኩሌታው ላይ ደርሷል፤ ቡድናችንም ተስፋ አለው። አንድ ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ግን በየጨዋታው ያስመታናል።

«ይሄን ሰውዬ ለሌላ ቡድን ሰጥተው በሌላ ተጫዋች ትሬድ አያደርጉትም እንዴ?» እላለሁ።

«ይለወጣል» ይላሉ ጋሼ።

የተስማሙልኝ መስሎኝ ደስ ይለኛል። በነገር ስንጋጭም «አንተም ትለወጣለህ» ይሉኛል። «እኔን ደሞ የትኛው ቡድን ይወስደኛል?» ስላቸው ይስቃሉ።

ለቅሶው ላይ ይህን ሳወራ ልጃቸው ገረማት።

«አጎቴ፣ አባዬ እኮ ይሻሻላል ማለቱ ነበር! የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስወድቅ እኔንም ‹ትለወጪያለሽ› ነው ያለኝ። በማን ሊለውጠኝ ነው?»

ባዶ ወንበራቸውን እያየሁ፣ እኔንስ ትለወጣለህ ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነበር አልኩ። እንዳልጠይቃቸው የሉም።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ጋ ደወልኩ።

«ግራኙን ትሬድ አደረጉት እንዴ?»

«ኧረ አላደረጉትም፣ አጎቴ።»

«እሰይ! መቼ ነው የሚወረውረው? መጥቼ አብሬሽ ላየው ነው» አልኳት።