በአንድ ገመድ የታሰሩ ሁለት እጆች

የያዙኝ አዳማ፣ ከግቢያችን በር ላይ ካለው ሱቅ ሳሙና ስገዛ ነው። ባለሱቁ ሳሙናውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ተናግረኸዋል የተባልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የጫኑኝ ፒክአፕ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። የኢሱዙ ሹፌር ነው፣ የቡልቡላ ልጅ። የእሱ ጥፋት ደግሞ "ሰው ጭነሃል" የሚል ነበር። ካቴና አልቆባቸው ነው መሰለኝ፣ ጀርባ ለጀርባ አስቀምጠው ከክርናችን በላይ በአንድ የናይለን ገመድ አሰሩን። መኪናው ጎድጓዳ ውስጥ በገባ ቁጥር እሱ ወደ ፊት ሲሄድ ገመዱ እኔን ይቆርጠኛል፤ እኔ ስሄድ እሱ ያቃስታል። በየተራ "ይቅርታ" እየተባባልን ደረስን።

የገባንበት ቤት ድሮ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱ ከሄደ ቆይቷል፣ ሽታው ግን ከግድግዳው አልወጣም። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ ጀምሮ ያቃጥላል፤ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ አቧራው በበሩ ስር እየገባ ምንጣፉን ይሸፍነዋል። ገመዱ ሲፈታ ቀኝ እጄ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠለጠለ። ቀና በል ስለው አይሰማም። ዘወር ስል ሹፌሩም የራሱን እጅ በግራው ደግፎ እያየው ነው። እውነቱን ልናገርና የእሱም እጅ መውደቁ አጽናናኝ።

የነርቭ ጉዳት ሥራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረውም፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጻፍኩትም የነርቭ ሴል እንዴት እንደሚያድግ፣ ሲጎዳም ራሱን እንዴት እንደሚጠግን ነው። ዶክተር አይደለሁም። ክፍሉ ግን በመጀመሪያው ቀን ዶክተር ብሎ ሾመኝ፣ እኔም ሹመቴን አልመለስኩም።

የክፍሉ ካቦ፣ የጽዳት ተራ የሚያወጡትና ጠብ የሚያበርዱት፣ ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ በጨርቅ ንግድ ያረጁ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው።

"እስቲ አስረዳን" አሉኝ። "ይህ እጅ ምን ሆነ?"

"የነርቭ ሴሉ ዋናው አካል ያለው እዚህ ነው" አልኩ፣ አንገቴን በግራ እጄ እያሳየሁ። "ከዚያ እስከ እጃችን የሚወርድ ረጅም ክር አለው። ክሩ ሲቆረጥ ከቁስሉ በታች ያለው ይሞታል። ከላይ ያለው ግን ወሬው ይደርሰዋል። ያን ጊዜ በእናቱ ሆድ ሳለ ያደገባቸውን ዘረመሎች እንደገና ይከፍትና ማብቀል ይጀምራል። ዙሪያውን ያሉት ሴሎችም የዘወትር ሥራቸውን ትተው ፍርስራሹን ይጠርጋሉ፤ ተሰልፈውም በኬሚካል ይጠሩታል፣ በዚህ ና እያሉ።"

"በቀን ስንት ይሄዳል?" አለ ሹፌሩ። እሱ ሁሉን ነገር በመንገድ ነው የሚያስበው።

"አንድ ሚሊ ሜትር ያህል።"

"ያ ዋቃ! ኤሊም ትቀድመዋለች።" ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን አሰበና ጠየቀ፦ "ሽቦው ሳይቆረጥ ላስቲኩ ብቻ ቢላጥስ?"

"እሱ ቀላል ነው። በሳምንታት ይድናል።"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ክንዴን በጣቴ እየመታሁ የሚነዝረኝን ቦታ እፈልግ ነበር። የበቀለው ክር ጫፉ በደረሰበት ቦታ ሲነኩት ይነዝራል። ከጋሼ እስክሪብቶ ተውሼ ቆዳዬ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። የነጥቡን መንገድ ስለካው አራት ወር ይቀረኛል። የሹፌሩንም መታሁለት፣ ምንም አይነዝረውም። የማይነዝረው ክሩ ስላልተቆረጠ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አልነገርኩትም።

ምግብ ከየቤቱ ይመጣል፣ ተደባልቆም በአንድ ትሪ ይቀርባል። በግራ እጅ ደግሞ ከማዕድ አይነሳም፤ ማንም ይህን ሊነግረን አላስፈለገም። ጋሼ ሁለታችንን ግራና ቀኝ አስቀምጠው በየተራ ያጎርሱናል። አርባ ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሰው አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ሹፌሩም አብሮኝ ስለሚከፍት እችለው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሹፌሩ ለፊት መታጠቢያ ጆጉን አነሳ። በቀኝ እጁ ነው ያነሳው፣ እሱ ራሱ አላወቀም። አንድ ሰው "እጁን እዩት!" ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ጆጉን አስቀመጠና እጁን ከአንጓው ቀና አደረገው፣ መለሰው፣ ደገመው።

"ገለቶሚ ያ ዋቃ!" ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነና አለቀሰ። ክፍሉ አጨበጨበ።

እኔ ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። እኔ ዓመታት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የተማርኩት ነርቭ እኔን ትቶ፣ ሽቦ ብሎ የሚጠራውን ሰው መረጠ። ገመዱ አንድ፣ መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ። በእሱ ክንድ ላይ ሽፋኑን ብቻ ላጠ፣ በእኔ ላይ ክሩን ቆረጠ። ምክንያቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ማወቄ ግን ቅናቴን አባሰው። "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት፤ ያለው አፌ ብቻ ነው።

ምሳ ላይ ሹፌሩ ጋሼን አስቁሞ "ዶክተርን ዛሬ እኔ ነኝ የማጎርሰው" አለ። በዚያች በዳነች እጁ ጠቀለለና አጎረሰኝ፣ ወዲያው ደገመኝ። "አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል" አለ እየሳቀ። ጉርሻውን በውሃ አወረድኩት።

ከሰዓት በኋላ ለአየር ስንወጣ ግድግዳው ጥላ ስር አጠገቤ ተቀመጠ።

"ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ። መሪ እይዝበታለሁ?"

ይህቺ እጅ ለእሱ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ሌላ ሙያ የለውም፤ የልጆቹ እንጀራ መሪው ላይ ነው። አሁንም አሁንም እየዘረጋ ያያታል፣ በተለይ ይህ ነገር ነው ያቃጠለኝ።

"አትመናት" አልኩት። "ለጊዜው ነው የተነሳችው። ካሠራሃት ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ አትነሳም።"

"ላስቲኩ ከሆነ በሳምንታት ይድናል አላልክም?"

"ያንተ ሽቦው ነው።"

"እሺ" አለ። "አንተ ታውቃለህ።"

እጁን ብብቱ ስር ከተተ። በማግስቱ ምሳ ላይም አላወጣትም። ጋሼ ግራ ተጋብተው "ትናንት ስታጎርስ አልነበር እንዴ?" አሉት።

"ዶክተር አታሠራት ብሎኛል።"

ጋሼ እኔን አዩኝ። "ምቀኛ አታሳጣኝ" አሉ፣ ለማን እንዳሉት ሳይለዩ፣ እንጀራውንም መጠቅለል ጀመሩ። ጆሮዬ ጋለ። እንደገና ሁለት አፍ ተከፈተ። እኩል ሆንን። የፈለግሁት ይኸው ነበር፣ ግን አላጠገበኝም። ሹፌሩ ማንጎራጎሩን አቆመ፣ ስለ መንገድም ማውራት ተወ። አራት ቀን እንዲሁ አየሁት። በየጠዋቱ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ከዚያ እጄን አያታለሁ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላለች፣ እተወዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። የሃይላንድ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ቁመቱን ለሁለት የተሰነጠቀ። በሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን ቆርጦ፣ ጠርዙን ሲሚንቶ ላይ አለስልሶ፣ ከሸሚዙ ጫፍ በተቀደደ ጨርቅ ማሰሪያ አድርጎለታል። በግራ እጁና በጥርሱ ነው የሠራው፤ ቆርቆሮው ከንፈሩን ቆርጦታል።

"ጎማ እስኪመጣ መኪናው በክሪክ ይቆም የለ" አለና አንዱን ከእጄ አንጓ ስር አስገብቶ አሰረልኝ። እጄ ቀና ብላ ቆመች። ጣቶቼን ስሰበስብ ገጠሙ! የሚጨብጡት ጡንቻዎች በሌላ ነርቭ ነው የሚታዘዙት፣ የጎደላቸው ድጋፍ ብቻ ነበር። ይህን ሳስተምር ኖሬአለሁ። ጠርሙሱ ግን አልታየኝም፤ በዚህም ቀናሁበት።

"ሁለተኛው ለማን ነው?" አልኩት።

"ለእኔ ነዋ። ትወድቃለች ብለህ የለ? ከወዲሁ ይዘጋጅ ብዬ ነው።"

ለመናገር አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ጠባቂው የሹፌሩን ስም ጠራ። "ከነዕቃህ!"

ከነዕቃህ ማለት መፈታት ነው። ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ያቅፈዋል፣ ይስመዋል። ፌስታሉን በግራ እጁ አንጠለጠለ። ቀኟ ብብቱ ስር ነች። በዚያ በር እንዲህ ሆኖ ከወጣ ዳግም መሪ እንደማይዝ ታየኝ።

"ቆይ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ዋሽቼሃለሁ። እጅህ ድናለች። ላስቲኩ ብቻ ነበር የተላጠው። አትወድቅም። ቀንቼብህ ነው።"

ሹፌሩ እጁን ከብብቱ አወጣ። ዘረጋት፣ ጨበጣት፣ ዘረጋት። ፊቱ ደም ሲመስል አየሁ፤ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ለመመታትም ቆምኩ።

"አምስት ቀን" አለ።

"አምስት ቀን" አልኩ።

ጠባቂው "ፍጠን!" አለው። ሹፌሩ ከትሪው ላይ ካደረ ዳቦ ቆረሰ፣ በቀኝ እጁ አፌ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛ አልቆረሰም። የእጄን ማሰሪያ አየና፣ ላልቶ ኖሮ ፈቶ እንደገና አጠበቀው። ከዚያ ፌስታሉን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

"ነጋቲ" ብሎ ክፍሉን ተሰናበተ፤ ለእኔ ለብቻ ምንም አላለኝም። ሄደ።

ምሳ ሲቀርብ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። "ይብሉ ጋሼ" አልኳቸው። በዚያ ጠርሙስ ላይ በቆመች እጄ እንጀራ ቆረስኩ። ወጡ ክርኔ ድረስ ወረደ፣ ግማሹም ትሪው ላይ ፈሰሰ። ማንም አልሳቀብኝም። እስኪያልቅ በራሴ እጅ በላሁ።

እኔም ወጣሁ፣ ክሩም በመጨረሻ ደረሰ። አውራ ጣቴ ብቻ ሙሉ በሙሉ ቀና አይልም። ሹፌሩ ትቶት የሄደው ሁለተኛው ጠርሙስ ሳይታሰር እንደ ቀረ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ወደ ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር ቡልቡላ ላይ እወርዳለሁ፣ መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬም የሚቆሙትን ኢሱዙዎች አያለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም። መሪ ላይ የተቀመጠ ቀኝ እጅ ሳይ ዛሬም ትንሽ እቀናለሁ። ከዚያ እጄን እታጠባለሁ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እጠቀልላለሁ፣ ይዣትም ጥቂት እቆያለሁ።